ሲከፍቱት የማይገኝ 3፦ የአንድ ያልተነበበ መልእክት ቆጣሪ የጉዳይ ጥናት

ሲስተር ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ይኸው፣ አንተው እየው» አሉኝ። የመተግበሪያችን ምልክት ጥግ ላይ፣ ቀይ ክብ ውስጥ፣ 3 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ነኩት፤ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች ያሉት ውይይቶች በሙሉ የተነበቡ ናቸው፤ ደምቆ የተጻፈ አንድም ስም የለም። ወደ መነሻ ገጹ ሲመለሱ ቁጥሩ ጠፍቷል። «ጠፋ አይደል? ትንሽ ታገሥ» አሉና ከጎናቸው የተቀመጡትን ባልደረባቸውን አንድ መልእክት እንዲልኩላቸው ጠየቁ። ስልኩ ነዘረ። ምልክቱ ላይ 4 ወጣ።

አንድ መልእክት ተልኮ አራት ተቆጠረ።

የምሠራው የሆስፒታል ሠራተኞች እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን መተግበሪያ በሚያዘጋጅ ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው። ነርሶቹ ተራ የሚቀያየሩት፣ ዶክተር የሚጠሩት፣ ዕቃ ሲያልቅ የሚነጋገሩት በእሱ ነው። ከዚህ በታች ያ 3 ከየት እንደመጣ እስክናገኝ የሄድንበትን መንገድ፣ የሳትንበትንም ጭምር፣ እጽፋለሁ። የሆስፒታሉንም ሆነ የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

ቅሬታው ወደ እኛ የመጣው ቁጥሩ ዓይን ስላስቸገረ አልነበረም። አንድ ምሽት የሲስተር ባልደረባ ልጇ ታማባት «የዛሬን አዳር ያዢልኝ» ብላ ጽፋላቸዋለች። መልእክቱ በጊዜው ደርሷል። ሲስተር ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ድምፁን አልሰሙትም፤ በኋላ ስልካቸውን ሲያወጡ ምልክቱ ላይ 4 አዩ። አልከፈቱትም። ባልደረባቸው መልስ ስትጠብቅ አምሽታ፣ ልጇን ለጎረቤት ትታ አዳሩን ራሷ ገባች። ሲስተር ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «3ም ይሁን 4 ለእኔ አንድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዋሸኝ፤ ማየት ተውኩ።»

ዋሸኝ የሚለው ቃል ከእኔ ጋር ቀረ። ሰው ስልኩን ሳይከፍት በአንድ እይታ «የሚጠብቀኝ አለ ወይስ የለም» ብሎ የሚወስነው በዚያች ቁጥር ነው። ያቺ ቁጥር ስትሳሳት ከስህተቱ የሚብሰው ትክክለኛዋም መታመን ማቆሟ ነው።

ቁጥሩን የሚቆጥረው ማነው?

ብዙ ሰው ስልኩ ራሱ የገቡትን መልእክቶች ቆጥሮ ምልክቱ ላይ የሚጽፍ ይመስለዋል። ለቅሬታው መልስ ስንፈልግ እኛም፣ ሥራችን ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ስሜት ነበር የጀመርነው። ስለዚህ አሠራሩን መጀመሪያ ማስረዳት ይኖርብኛል።

አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ቀዩ ቁጥር በስልክ፣ በኢሜይልና በአጭር መልእክት ምልክቶች ላይ ነበር። እነዚህ ከስልኩ ጋር አብረው የመጡ መተግበሪያዎች ስለሆኑ የራሳቸውን ነገር ራሳቸው መቁጠር ይችሉ ነበር። የሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎች መጫን ሲጀመር ችግር መጣ፤ ባትሪ እንዳይጨርሱ ሲባል ከተዘጉ በኋላ ከጀርባ መሥራት አይፈቀድላቸውም። የተኛ መተግበሪያ ደግሞ አዲስ መልእክት መምጣቱን አያውቅም። አፕል መፍትሔውን በሰኔ 2008 ለሠሪዎች አስታወቀ፣ ሥራ ላይ ያዋለው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2009፣ ከአይፎኑ ሥርዓት፣ ከአይፎን ኦኤስ 3.0፣ ጋር ነው። የመተግበሪያው ባለቤት ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቶቹ የሚያልፉበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ለአፕል ሰርቨር ይልካል፤ የአፕል ሰርቨር ከስልኩ ጋር ሁልጊዜ ክፍት በሆነችው አንድ መስመር ያደርሳል። ይህ ነው ፑሽ የምንለው። መጀመሪያ ላይ በዚህ መንገድ የሚላከው የመረጃ ጥቅል ከ256 ባይት መብለጥ አይችልም ነበር፤ የሚሸከመውም ሦስት ነገር ነው፦ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ እና ቁጥር።

ስለ ቁጥሩ ማወቅ ያለብን፣ ጥቅሉ «አንድ ጨምር» እንደማይል ነው። «4 ብለህ ጻፍ» ነው የሚለው። ስልኩ አይደምርም፣ አይቀንስም፣ አያጣራም፤ የተባለውን ይጽፋል። 0 ከተባለ ቀዩን ክብ ያነሳል። ስለ ቁጥር ምንም ካልተባለ የነበረውን እንዳለ ይተዋል። መተግበሪያው በዚህ ሁሉ ጊዜ ተኝቷል። እንግዲህ የሲስተር ስልክ አራት ሲል አራት መልእክት አይቶ ሳይሆን የእኛ ሰርቨር አራት በል ስላለው ነው።

አንድሮይድ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ለብዙ ዓመታት ምልክት ላይ ቁጥር የሚያስቀምጥ ይፋዊ አሠራር አልነበረውም፤ ሳምሰንግም፣ ሶኒም፣ ኤችቲሲም ለየራሳቸው መነሻ ገጽ የየራሳቸውን ዘዴ አበጁ፤ እኛም ለእያንዳንዱ የተለየ ኮድ ስንጽፍ ኖረናል። በነሐሴ 2017 አንድሮይድ 8.0 ሲወጣ በምልክቱ ጥግ ላይ ነጥብ መጣ። ነጥቧ የምትናገረው ግን ያልተነበበ መልእክት ስለመኖሩ አይደለም፤ ከላይ ተጎትቶ በሚወርደው ገጽ ላይ ያልተነሳ ማሳወቂያ ስለመኖሩ ነው። ማሳወቂያውን በጣት ጠርገው ካነሱት፣ መልእክቱ ባይነበብም፣ ነጥቧ ትሄዳለች። ከዚያው ክፍል አንድሮይድ የያዙት ነርሶች «የሌለ ቁጥር» ብለው ከሰውን አያውቁም። የእነሱ ችግር ተቃራኒው ነበር፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሳትንበት ሳምንት

የመጀመሪያ ጥርጣሬያችን የመድረሻ ቅደም ተከተል ነበር። የፑሽ አገልግሎት መልእክቶቹ በተላኩበት ተራ እንደሚደርሱ ዋስትና አይሰጥም። ሰውዬው አንብቦ ሲጨርስ የላክነው 0 ቀድሞ ደርሶ፣ ከእሱ በፊት የላክነው 3 መንገድ ላይ ዘግይቶ ቢገባ፣ ስልኩ ላይ የሚቀረው 3 ነው። ይህ በእርግጥ የሚከሰት ነገር ስለሆነ ወደድነው። ሰርቨሩ የሚልካትን እያንዳንዷን ቁጥር ከሰዓቷ ጋር መመዝገብ ጀመርን፤ አንድ ሳምንት በዚያ አለፈ።

ያልሰማነው ማስረጃ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊታችን ነበር፤ ትርፉ ሁልጊዜ 3 ነው። የመዘግየት ጣጣ ቢሆን አንድ ቀን 1፣ ሌላ ቀን 5፣ አንዳንዴም ምንም በሆነ ነበር። በየቀኑ ያው 3 የሚሆን ነገር የሆነ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው።

በዚያ ሳምንት ሌላም ነገር አድርገናል፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከመካከላችን አንዱ «ምናልባት ወደ ታች ወርደው የቆዩትን ውይይቶች አልከፈቷቸው ይሆናል» አለ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ሲስተርን እያንዳንዱን ውይይት አንድ በአንድ እንዲከፍቱ ጠየቅናቸው። ከፈቱ። ቀጥሎ መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና እንዲጭኑ ጠየቅናቸው። ጫኑ። ቁጥሩ ጠፋ፤ ደስ አለን። ከሰዓት በኋላ አንድ መልእክት ሲገባላቸው ምልክቱ 4 አለ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር እኛ ያላደረግነውን አደረጉ። እንደ በሽተኛ ቻርት ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አሰመሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከመክፈቴ በፊት፣ ስከፍት ያገኘሁት፣ ከዘጋሁ በኋላ። የስድስት ቀን መዝገብ በፎቶ ላኩልን። ከመክፈቴ በፊት የሚለው ዓምድ በእያንዳንዱ መስመር ከቀጣዩ ዓምድ በ3 ይበልጣል። አንድ ተጨማሪ ነገርም መዝግበው ነበር፦ መልእክቱን በዋርዱ ኮምፒውተር ካነበቡት ስልኩ ላይ ያለው 4 ወደ 3 ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። ስልኩ ላይ ካነበቡት ግን ይጠፋል። ይህች ማስታወሻ ከእኛ የሳምንት ምዝገባ ይልቅ ሥራውን ሠራች። ኮምፒውተሩ ላይ ሲያነቡ ቁጥሩን የሚያስተካክለው ሰርቨሩ ነው፤ ስልኩ ላይ ሲያነቡ የሚያጠፋው መተግበሪያው ነው። ጥፋቱ በሰርቨሩ ዘንድ ነው፤ መተግበሪያው ደግሞ እየሸፈነለት ነው።

ሦስቱ የት ነበሩ

መረጃው ሁሉ የተቀመጠበትን ዳታቤዝ ከፈትን። አሠራራችን እንዲህ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት የተቀመጠች ቁጥር አለች። መልእክት ሲመጣለት አንድ ይጨመርባታል፤ ሲያነብ ያነበበው ያህል ይቀነስላታል። የሲስተር ቁጥር ማንም ምንም ባልላከላቸው ሰዓት 3 ነበር። ከዚያ መልእክቶቹን ራሳቸውን በእጅ ቆጠርን፤ ለእሳቸው የተላኩና ያልተነበቡ መልእክቶች ስንት ናቸው? 3። መልእክቶቹ በእርግጥ ነበሩ።

ያሉት በቀዶ ሕክምና ዋርዱ ግሩፕ ውስጥ ነው። ሲስተር ከዚያ ዋርድ ወደ ሌላ የተዛወሩት ከሁለት ወር በፊት ነበር። በተዛወሩበት ጠዋት ግሩፑ ውስጥ ሦስት መልእክት ገብቷል፤ ሳያነቧቸው የነርሶቹ ኃላፊ ማትሮኗ ከግሩፑ አወጧቸው፤ ማድረግ የሚገባቸውንም ነው ያደረጉት። የውይይቶቹን ዝርዝር የሚያወጣው ኮዳችን አባል የሆኑባቸውን ግሩፖች ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ ያ ግሩፕ ከስልካቸውም ከኮምፒውተሩም ጠፋ። ቆጣሪዋ ግን ስለ አባልነት የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው መጨመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሦስቱን መልእክት ማንበብ የሚቻልበት በር ተዘግቷል፤ ካልተነበቡ ደግሞ አይቀነሱም። ሲስተር መቶ ዓመት ቢሞክሩ ያንን 3 ማጥፋት አይችሉም ነበር።

አንድ ሥርዓት ውስጥ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጪ ነበረን። «ይህ ሰው ምን አላነበበም?» ሲባል ዝርዝሩ አንድ ነገር ይላል፣ ቆጣሪዋ ሌላ።

ይህን ካወቅን በኋላ የሁሉንም ተጠቃሚ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር አነጻጸርን። ትርፍ የነበረባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ገሚሱ እንደ ሲስተር ከግሩፕ የወጡ፣ ገሚሱ ደግሞ ላኪው ሳይነበብ የሰረዘው መልእክት የተቆጠረባቸው ናቸው። ያስደነገጠን ግን የጎደለባቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ «አንብቤያለሁ» የሚለውን መልእክት ይልክና መልስ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ሁለቱንም ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። ሁለት ውይይት ላይ አንድ አንድ መልእክት ያላነበበ ሰው አንዱን ሲያነብ ቆጣሪው 0 ይሆናል፤ ሁለተኛው ውይይት ያለ ምንም ምልክት ይቀራል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚያደርግ አንድ መስመር ኮድ ስለነበረን ስህተቱ መዝገብ ላይ እንኳ አይታይም ነበር።

ስለዚህኛው አንድም ሰው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። የሌለ ቁጥር የታየው ሰው ይናደዳል፣ ይደውላል፣ ወረቀት ያሰምራል። መኖር የነበረበት ቁጥር ያልታየው ሰው ግን ምን እንዳለፈው በምን ያውቃል? ለብዙ ጊዜ የቅሬታ ብዛት እያየን ነበር የትኛው ስህተት እንደሚብስ የምንወስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ትቼዋለሁ።

ስህተቱን የሸፈነው ጥገና

ከዓመት በፊት ተመሳሳይ ቅሬታ መጥቶ ነበር። በጊዜው የሰጠነው መልስ መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር ምልክቱን 0 ማድረግ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀላል ነበር፤ ቅሬታውም ቀነሰ። ሰርቨሩ ግን ስለ ዜሮው የሰማው ነገር ስላልነበረ ቀጣዩ ፑሽ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሲስተር ስልኩን ሲከፍቱ ቁጥሩ የሚጠፋው፣ ለማሳየት ሲፈልጉም የሚሰወረው በእኔ ኮድ ምክንያት ነው።

ሌላም ጉዳት ነበረው። እኛ በተጠቀምንበት አሠራር አይፎን ላይ ምልክቱን 0 ማድረግ የመተግበሪያውን ማሳወቂያዎች በሙሉ ከማሳወቂያ ገጹ ያነሳል። አምስት ሰው የጻፈለት ነርስ የአንዱን ለማንበብ መተግበሪያውን ሲከፍት የሌሎቹ አራት ማሳወቂያም አብሮ ይጠረጋል። ቁጥሩም የለ፣ ማሳወቂያውም የለ። ይህን ሳውቅ ያቺን የልጇ ሕመም የጻፈች እናት አስታወስኩ፤ የእሷ መልእክት በዚህ መንገድ አልጠፋም፣ ግን ስንቱ በዚህ መንገድ ጠፍቶ ይሆን?

ያደረግነው

የተቀመጠችውን ቆጣሪ ጣልናት። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ውይይት ላይ «እስከዚህ አንብቧል» የምትል አንዲት ምልክት ብቻ እንይዛለን። ምልክቷ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አትሄድም፤ ስለዚህ ስልኩ ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ ቢልክ ምንም አይጎዳም። ቁጥሩ በተፈለገ ጊዜ የውይይቶቹን ዝርዝር ከሚያወጣው ከዚያው ጥያቄ ይሰላል። ዝርዝሩ ላይ የማይታይ ነገር ሊቆጠር አይችልም፣ የሚታይም ሳይቆጠር አይቀርም። ስሌቱ ሰርቨሩን ያደክመዋል ብለን ፈርተን ነበር፤ ቆጣሪዋንም መጀመሪያ የፈጠርናት በዚሁ ፍርሃት ነው። የመጨረሻው መልእክት ከምልክቷ በኋላ የመጣባቸውን ውይይቶች ብቻ መመልከት ስለሚበቃ ሥራው ኢምንት ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ በሚለወጥበት ሁሉ ደግሞ ስልኩ መስማት አለበት፦ ኮምፒውተር ላይ ሲነበብ፣ ላኪ ሲሰርዝ፣ ሰው ከግሩፕ ሲወጣ። ለዚህ ጽሑፍም ድምፅም የሌለበት፣ ቁጥር ብቻ የያዘ ፑሽ እንልካለን፤ መተግበሪያውን መቀስቀስ ሳያስፈልግ አይፎኑ ራሱ ይጽፈዋል። ሰው በፍጥነት ሲያነብ በየመልእክቱ እንዳንልክ ጥቂት ሰከንድ ጠብቀን የመጨረሻውን ብቻ እንሰዳለን። መተግበሪያው ሲከፈትም 0 አይጽፍም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ይጽፋል።

(ሰርቨሩ ማን ምን እንዳነበበ የማያውቅባቸው፣ መልእክቱ ከስልክ እስከ ስልክ የተመሰጠረባቸው መተግበሪያዎች ይህን ማድረግ አይችሉም። እነሱ ከአይፎኑ ሥርዓት ከአይኦኤስ 10 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ወዲህ፣ ማሳወቂያው ከመታየቱ በፊት ለአጭር ጊዜ በምትነቃ ትንሽ የመተግበሪያው ክፍል አማካይነት እዚያው ስልኩ ላይ መቁጠር ይችላሉ።)

አንድሮይድ ላይ የቻልነው ግማሹን ነው። መልእክቱ ሌላ ቦታ ሲነበብ ማሳወቂያውን እናነሳለን፤ ነጥቧም አብራ ትሄዳለች። ሰው ሳያነብ የጠረገውን ማሳወቂያ ግን ነጥቧ አታስታውሰውም፤ እሱ የስልኩ አሠራር ነው። የተራ ለውጥ ጥያቄ ብቻ፣ ካልተነበበ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያሳውቅ አደረግን። ከዚያ በላይ መነዝነዝ ሰዎቹን ማሳወቂያውን ጨርሶ ወደ መዝጋት ይገፋቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ምን ይቆጠር?

ስሌቱ ከተስተካከለ በኋላ ማትሮኗ ያልጠበቅነውን ጥያቄ አነሱ። «አሁን 58 ይለኛል፤ ትክክልም ነው፤ ግን 58ቱ ምን እንደሆነ አይነግረኝም» አሉ። ሃምሳ ስድስቱ ድምፁን በዘጉት አንድ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ የልደት መልካም ምኞት ነበር። ሁለቱ ለእሳቸው ብቻ የተጻፉ ናቸው። ልክ የሆነ ቁጥርም ሰውን ሊሸፍን እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ።

በቡድናችን ውስጥ ክርክሩ ረዘመ። መልእክት እንቁጠር የሚሉት ሰው የለመደው እሱን ነው አሉ። የእኔ አቋም ውይይት እንቁጠር የሚል ነበር፦ 3 ማለት ሦስት ቦታ የሚጠብቀኝ ነገር አለ ማለት ይሁን። ሲስተርን ስንጠይቃቸው «ስንት መልእክት እንደሆነ ምን ያደርግልኛል? ስንት ሰው እየጠበቀኝ እንደሆነ ንገሩኝ» አሉ፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። ድምፁ የተዘጋ ግሩፕ አይቆጠርም፤ በውስጡ ስሙ ተጠቅሶ ከተጠራ ግን ይቆጠራል። የማትሮኗ 58 በዚህ አቆጣጠር 2 ሆነ።

በዚያው ሰሞን «አዲስ ነገር መጨመራችንን ለማሳወቅ ምልክቱ ላይ 1 እናድርግ» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። የአፕል የንድፍ መመሪያ ቁጥሩ ካልተነበበ ማሳወቂያ ውጭ ለሌላ ነገር እንዳይውል ይመክራል፤ እኔ ግን መመሪያውን እንኳ አልጠቀስኩም። የሲስተርን ወረቀት አሳየኋቸው፤ ሐሳቡ ቀረ።

አዲሱ አሠራር በወጣ ማግስት የሲስተር 3 ጠፋ፤ ሰንጠረዡን ለሁለት ሳምንት ቀጠሉበት፤ ሁለቱ ዓምዶች በእያንዳንዱ መስመር እኩል ሆኑ። ከወር በኋላ ዋርዱ ስሄድ አየኋቸው። ስልካቸውን አውጥተው፣ ምልክቱ ላይ ምንም ቁጥር ሳይኖር፣ መተግበሪያውን ከፈቱ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሄዱበትና መልሰው ዘጉት። ለምን እንደከፈቱት ጠየቅኳቸው። «ቁጥር ሲኖር አሁን አምነዋለሁ» አሉኝ። «ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው ማመን ያቃተኝ።»